አምስተኛው ስም ላይ የጮኸው ወፍ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም። አንዱ መድኃኒት ያውቃል፣ አንዱ ሕግ ያውቃል፣ አንዷ የሰው ትዳር ታውቃለች። መድኃኒት አዋቂውን ባለመታመም፣ ሕግ አዋቂውን ባለመካሰስ ማምለጥ ይቻላል። ከወፍ አዋቂ ግን ማምለጫ የለም። ወፍ ክንፍ አላት፤ የማትደርስበት ቦታ የለም፤ እሷ በደረሰችበት ሁሉ እሱም አብሯት ይደርሳል። አገኘሁሽ ይህን ያወቀችው በመጽሐፍ አይደለም። የአሽዶድ ከተማው ሊቀ አእዋፍ፣ ክቡር አባ ቢምረው፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩትም ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከእሷ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው።

አባ ቢምረው ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እስከዚያ ድረስ ደህና ሰው ነበሩ። ነገር የተበላሸው ኢሪት የምትባል አስተማሪ ሞዓዶን ወደሚሉት የጡረተኞች መሰብሰቢያ ቤት መጥታ የክረምት ወፎችን ድምፅ ከስልኳ ያሰማች ዕለት ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ብስኩታቸውን በልተው ሲያንቀላፉ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ወዲህ "በዓይንማ ማንም ያያል፤ ዋናው ጆሮ ነው" እያሉ አገር ምድሩን ያስቸግራሉ። የስግድ በዓል አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ወፎቹ ከሰሜን እየተንጋጉ አሽዶድ ይገባሉ፤ የአገኘሁሽም መከራ ያኔ ይጀምራል።

ሰው ተቀምጦ እየተጫወተ ሳለ የአባ ቢምረው ሌባ ጣት በድንገት ወደ ላይ ይቆማል። "ዝም! ማን እንደመጣ ስሙ!" ይላሉ። እንግዳ የመጣ መስሎት ሁሉም ወደ በሩ ይዞራል። በሩ ላይ ማንም የለም። የመጣችው ናህሊኤሊ ናት፤ በየመኪና ማቆሚያው ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሮጥ፣ ነጭና ጥቁር፣ ከጡጫ የማትበልጥ ወፍ። ለእሷ ሲባል የሰው ወሬ ይቋረጣል፣ ሻይ ይቀዘቅዛል፣ ሕፃን አፉ ይታፈናል።

ወደ ሮቫ ዳሌት በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩን "ነሃግ፣ እስቲ ሞተሩን ትንሽ አጥፋልን" ብለውታል። ሾፌሩ የመለሰላቸው ቃል እዚህ አይጻፍም። ሐኪም ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጎ "በኃይል ተንፍስ" ቢላቸው፣ "አንተ ዝም በል፣ እያዳመጥኩ ነው" ብለው መስኮቱን አስከፍተውታል። የጎረቤቷ የካሰች ባል የሞተ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት መሃል ጣታቸውን ቀሰሩ። አልቃሾቹ ቀጥ አሉ። ካሰች ምስኪን፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ዛርዚር የሚባለው ወፍ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየሰረቀ እንደሚጮህ ተማረች። አገኘሁሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ይህ ሁሉ ይለፍ። አገኘሁሽ እየነደደችም ቢሆን አሳልፋዋለች። ልታልፈው ያልቻለችው የሞሪያን ነገር ነው።

ሞሪያ የአገኘሁሽ አንድያ ልጅ ናት። ጦሩ ውስጥ ሳለች ናዖር ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች፤ ተዋደዱ፤ አዳራሽ ሳይቀር ተያዘ። ልጆቹ እንዳሻቸው ይዋደዱ እንጂ ያለ ሽማግሌ ጋብቻ የለም፤ ሽማግሌ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይመርቅም። ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ ስም እየጠሩ፣ በደም እንደማይገናኙ ማረጋገጥ አለባቸው። የናዖር ወገን ተቆጠረ። የሞሪያ አባት ወገንም ተቆጥሮ አለፈ። የቀረው የእናቷ ወገን ነው፤ ያንን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የናዖር አያት አባ ይርሳው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ሮቫ ጊሜል መጡ። አገኘሁሽ መስኮቱን ሁሉ አስቀድማ ዘግታለች። አባ ቢምረው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እውነትም የተከበሩ ሰው መስለው ጀመሩ።

"ሞሪያ የአገኘሁሽ ልጅ። አገኘሁሽ የፈረደ። ፈረደ የተገኘ። ተገኘ የእንግዳው። እንግዳው የ..."

ጣታቸው ተነሳ።

"ዝም! ማን እንደመጣ ስሙ!"

ከታች፣ ከሎሚው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ የሆነ ነገር "ቲክ፣ ቲክ" አለ። አባ ቢምረው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። አዶም ሃሐዜ ነው፤ ደረተ ቀዩ፤ የዘንድሮው የመጀመሪያው። አባ ይርሳው ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ። ቆጣሪ አምስተኛው ስም ላይ ደርሶ ዝም ካለ፣ አፉ ሊያወጣው ያልፈለገው ስም አለ ማለት ነው። የጋራ አያት ይሆናል፤ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር።

"ይበቃል" አሉ አባ ይርሳው። "እግዜር ሌላ ያዘጋጅላቸው።" ተነስተው ወጡ። አገኘሁሽ ወፍ ነው፣ ወፍ ብቻ ነው እያለች እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለቻቸው። ወፍ ሰምቶ የአያቱን ስም የሚያቋርጥ ሰው አለ ብሎ ማን ያምናል?

ሞሪያ ክፍሏ ገብታ በሩን ወርውራ ዘጋችው። "ኢማ፣ ዜ ሎ ኖርማሊ፣ ጤነኛ ነገር አይደለም! በአንዲት ጺፖር፣ በአንዲት ወፍ፣ ሠርጌ ሊፈርስ ነው?" እያለች ታለቅሳለች። ናዖር ደውሎ "አያቴ፣ ሳባ፣ እምቢ አሉ" አላት።

አገኘሁሽ ደረጃውን ወጥታ የአባ ቢምረውን በር በመዳፏ መታችው። አንቱ እያሉ መቆጣት እንዴት ያለ ፈተና ነው! አንተ ማለት ቢቻል ንዴት በአንድ ቃል ወጥቶ ያልቃል፤ አንቱ ሲባል ግን ስድቡ ሁሉ ጋቢ ለብሶ ነው የሚወጣው።

"ምን በደልኩዎ፣ አባ? ልጄስ ምን በደለችዎ? ስንት ክረምት ዝም በሉ ሲሉን ዝም አልን! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እርስዎ እንዲናገሩ ብንፈልግ ዝም አሉ! የወፍ ዘር ከእኛ ዘር በለጠብዎ?"

አባ ቢምረው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ። "ልሂድና ልቁጠርላቸው" አሉ። "ከቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ቆሜ እቆጥራለሁ።"

በማግስቱ ከአገኘሁሽ ጋር በአውቶቡስ አባ ይርሳው ወደሚኖሩበት ሮቫ ቴት ቫቭ ሄዱ። አባ ይርሳው በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ፊታቸው አልተፈታም። አባ ቢምረው ይቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጆቹን አይንካ" ብለው፣ እዚያው ሳሎኑ መሃል ቆመው፣ እንደገና ጀመሩ።

"ሞሪያ የአገኘሁሽ። አገኘሁሽ የፈረደ። ፈረደ የተገኘ። ተገኘ የእንግዳው..."

"ቲክ፣ ቲክ" አለ በረንዳው ላይ።

አገኘሁሽ አወቀችው! ማንም ሳይነግራት፣ ዘወር ሳትል፣ አዶም ሃሐዜ መሆኑን አወቀችው፤ በራሷ ተናደደች። የአባ ቢምረው ሌባ ጣት ከከዘራው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ አየች። በቃ፣ አለቀልን አለች። በዚያች ቅጽበት የግራ እጃቸው መጣና ጣቲቱን ጨምድዶ ወደ ታች ያዛት።

"እንግዳው የወሌ!" አሉ አባ ቢምረው። ወፉ መዝፈን ጀመረ። "ወሌ የዘለቀ!" ብለው ጮኹ። ወፉ ባሰበት። ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ። "ዘለቀ የአድማሱ! ሰባት!"

"ኧረ ምን ያስጮኽዎታል፣ ጆሯችን ደህና ነው እኮ" አሉ አባ ይርሳው። በሰባቱ ውስጥ ከእሳቸው ወገን የሚገናኝ ስም አልነበረም። ብድግ ብለው መረቁ፤ የቤቱ ሴቶች እልል አሉ፤ ወፉም በርግጎ ሄደ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ አገኘሁሽ አላስችል አላት።

"አዶም ሃሐዜ ነበር አይደል፣ አባ?"

"የቱ?"

"ሚርፔሴቱ፣ በረንዳው ላይ የነበረው!"

"ወፍ ነበረ እንዴ? እኔ አልሰማሁም።"

አገኘሁሽ ንዴቷ ጣራ ነካ። "እንዴት አልሰማሁም ይላሉ! መጀመሪያ ቲክ ቲክ አለ፣ ከዚያ ዘፈነ! ቀጭን ሆኖ፣ ረጅም!" አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ እቴ! አባ ቢምረው ጆሯቸውን ወደ እሷ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጧታል።

"መጨረሻው ላይ ድምፁ ወጣ ወይስ ወረደ?"

"ወረደ!"

"እንግዲያው እሱ ነው" አሉ። "እኔ ግን አልሰማሁም።"