አባዬ አማርኛ የጠፋው ጊዜ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። አባባሉ የወጣው ሁለቱም ጤነኞች ሳሉ መሆን አለበት። መነጽርን ግንባር ላይ ሰክቶ እሱኑ ፍለጋ ቤት ማመሳቀልማ የእኔም የእናንተም ወግ ነው፤ ይሳቅበታል። መነጽሩ ምን እንደሚሠራ ሲጠፋ ግን ሳቁ ይቆማል።

አባቴ እዚሁ ሆሳዕና፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። የእናቱ ቋንቋ ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። እናቴ ደግሞ የጉራጌ ባለሱቅ ልጅ ናት። የተዋደዱት በአማርኛ፣ የተኳረፉት በአማርኛ፣ እኛን የተቆጡንም በአማርኛ ነው። የእናቴ ሀዲይኛ ከሱቅ ደጃፍ አያልፍም ነበር፤ ዋጋ ትከራከርበታለች እንጂ ሰው አታጽናናበትም።

አባዬን መርሳት ሲጀምረው ሐኪሙ «አእምሯቸው ሥራ እንዳይፈታ» አሉን። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ታብሌት ላከች፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም የተሠራ፣ አእምሮ የሚያነቃቃ አፕ ተጭኖበታል። ሥዕል ይመጣል፤ ከውስጡ አንዲት ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» ትላለች፤ በትክክል ለመለሰ ይጨበጨብለታል። መጀመሪያ ሰሞን ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እንዲያውም አባዬ የልጅቷን አነጋገር ያርም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የውኃ ሥዕል መጣ።

«ዎኦ» አለ አባዬ። በሀዲይኛ ውኃ ማለት ነው።

«እንደገና ይሞክሩ» አለች ልጅቷ።

«ዎኦ!»

«እንደገና ይሞክሩ።»

ስንቱን ተማሪ ያሳለፈ ሰው፣ ውኃን ውኃ ብሎ ወደቀ። ታብሌቱን ገፋ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙን ብንጠይቅ፣ አንዳንዴ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል አሉን። እናቴ ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ «እኔንም እኮ ያወቀኝ በአማርኛ ነው» አለች። «አማርኛው ከሄደ እኔን የት ያገኘኛል?»



ታብሌቱን ለእኅቴ ልመልስ ስል ከለከለችኝ። የልጅቷን ድምፅ አጠፋችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሥዕሉን ታሳየዋለች፤ ስሙን በሀዲይኛ ይነግራታል፤ እሷ ትደግማለች። ስትሳሳት ያርማታል፤ ስታገኘው ራሱ ያጨበጭብላታል። ያ የጠፋብን አስተማሪ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ተመልሶ ይመጣል። እኅቴ ደውላ «አባዬ ስንት አገኘ?» ብትላት፣ «እሱማ አስተማሪ ነው፤ ተፈታኟ እኔ ነኝ» አለቻት። ክረምቱ ሳይወጣ ከእሱ ጋር መጨዋወት ቻለች።

ባለፈው እሑድ ሦስታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አባዬ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሀዲይኛ፣ «ይህች ሴት ጎበዝ ናት» አለኝ። ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ባል አላት?»

እናቴ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ዓይኑን እያየች፣ በራሱ ቋንቋ፣ «የለኝም» አለችው።

ልጃቸው እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ።