የዘንዶ ጋላቢዋ ሐኪሞች

እናንተ፣ ተረት ውስጥ ያለች ልጅ ካላከምን የሚሉ ሐኪሞች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን ሪያድ ላይ ገጥመውኛል።

ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ለታናሽ እህቴ ለሐና አንድ ተረት ጻፍኩላት። ጀግናዋ ሰሎሜ ልክ እንደ ሐና በክራንች ነው የምትሄደው፤ ስትዋጋ ግን ዘንዶ ትጋልባለች። ጁምዓ ቀን፣ ዑረይጃ ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ ለመጡት እንግዶች አነበብኩት።

ገና ሳልጨርስ ጋሽ ተፈራ፣ "መጨረሻ ላይ ጠበል ትጠመቅና ክራንቿን ትጣል!" አሉ።

"ወላሂ የዘምዘም ውሃ ይሻላታል!" አሉ እትዬ ዘሀራ።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ስለ ዘንዶው የጠየቀ አንድ ሰው የለም! ዘንዶ መጋለብማ ምን ችግር አለው? በክራንች የምትሄድ ጀግና ግን ሐራም!

ሐና ክራንቿን ይዛ ብድግ አለች። "ኸላስ፣ በቃ! ካዳናችኋት አላነበውም። እኔን ትመስል የለ እንዴ?"

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ የኔ ልጅ፣ ዘንዶው ላይ ስትወጣ ታዲያ ክራንቹን የት ታደርገዋለች?"

"ኮርቻው ላይ ማሰሪያ አለው" አለች ሐና፣ ደረቷን ነፍታ።

እኔ ደራሲዋ እንኳን አላሰብኩትም ነበር። እዚያው ጻፍኩት።