አቶ ደንብና አይጦቻቸው

ያን ቀን ጠዋት ዝናቡ በአግድም ይወርድ ነበር። አቶ ደንብ የቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን ስድስት ጊዜ አራገፉ። አምስት አይደለም፤ ስድስት። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ ደንብ ካላወጣ ቀኑ የማይመሽለት፣ መጀመሪያ የሚያወጣውም በራሱ ላይ የሆነ።

ማዕረጋቸው ዶክተር ነው፤ አቶ ደንብ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣንላቸው እኛ ሠራተኞቹ ነን። አንዳንድ ወንዶች መካን የሚሆኑበትን ምክንያት በአይጥ ላይ ያጠናሉ። አይጦቹ ዘረመላቸው ተነካክቶ፣ ገላቸው ለወንዴ ሆርሞን እንዳይታዘዝ የተደረጉ ናቸው። ሆርሞኑ ደማቸውን ሞልቶ ያዛል፤ የሚሰማው ግን የለም።

"ልክ እንደኔ ቤት" ይላሉ ዶክተር፣ ሳይስቁ።

እኔ የአይጦቹን ሳጥን አጸዳለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አንድ ጊዜ ዶክተር የወንድ ሰው ሽታ አይጥን እንደሚያስጨንቅ፣ ጭንቀቱም ሆርሞኑን እንደሚያዛባ አነበቡ። በማግስቱ የአይጦቹ ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ "ወንድ መግባት ክልክል ነው።" ፈራሚው እሳቸው፣ የመጀመሪያው ተከልካይም እሳቸው።

"ኧረ ዶክተር፣ የራስዎ አይጦች እኮ ናቸው!"

"ደንብ ደንብ ነው፣ እትዬ።"

ከዚያ ወዲህ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው ይጠይቁኛል።

"አሥራ አራት ቁጥር በልቷል?"

"በልቷል።"

"ተኝቷል ወይስ አኩርፏል?"

"እኔ አይጥ ሲያኮርፍ የት አውቄ!"

ይህንንም ጻፉት።

በዚያ የዝናብ ቀን የአይጦቹ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። ሆርሞኑ አንድ ወር ሰማይ፣ አንድ ወር መሬት። የሁለት ዓመት ሥራ ገደል ገባ። የክፍሉ ኃላፊ ዞር ብሎ አየኝ።

"ከሷ በቀር የሚገባ የለም። ሳጥኖቹን ብታቀላቅላቸው ነው። ትሰናበት!"

ነገር ሲበላሽ ዓይን የሚያርፈው መጥረጊያ የያዘ ሰው ላይ ነው። ሽርጤን መፍታት ጀመርኩ።

አቶ ደንብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"እትዬ ለምሳ ሲወጡ እገባ ነበር። ዝም ብዬ ላያቸው።" አንገታቸውን ደፉ። "ናፍቀውኝ ነው።"

ማስረጃም ነበራቸው። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ፤ የገቡበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ ደቂቃው ሳይቀር ሰፍሯል። አርባ አንድ ጊዜ። ሰው ጥፋቱን እንዲህ በሥርዓት ሲመዘግብ አይቼ አላውቅም። ውጤቱ የዘለለባቸው ወራት ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ። እኔም ሽርጤን መልሼ አሰርኩ። ሥራው እንደገና ከሀ ተጀመረ።

አቶ ደንብ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ መጥተው ከመስታወቱ ውጭ ይቆማሉ። እኔም አንዱን ሳጥን ወደ መስታወቱ አስጠጋለሁ። ይህን የሚከለክል ደንብ አላወጡም።