እስከ ዳግም ምጽአት የተወሰነ ጊዜ

እሑድ ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኮሎምበስ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ፣ ከግሮሰሪው ጀርባ ባለው የመረዳጃ ማኅበራችን አዳራሽ የሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቧል።

የተገኙ፦ አቶ ባስልዮስ፣ ሰብሳቢ፤ አቶ አያሌው፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ የሟቹ ደራሲ የአቶ ወልደሚካኤል አማችና ወራሽ፤ ወ/ሮ ማዘንጊያ፣ ገንዘብ ያዥ፤ አቶ ሙሳ፣ አባል፣ ትራክ እየነዱ በስልክ፤ የምሥራች፣ ፀሐፊ። በእንግድነት ወ/ሪት አርሴማ፣ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት መምህርት።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል። አራቱ ወንበር ላይ፣ አንዱ በስፒከር ስለሆኑ ተሟልቷል። ፀሐፊ ለቁጥሩ ትቆጠራለች፣ ድምፅ ግን የላትም። ለዘጠኝ ሰዓት የተጠራው ስብሰባ በአሥራ አንድ ሰዓት ተከፍቷል።

አጀንዳ 1፦ የአቶ ወልደሚካኤል ተውኔት

ወ/ሪት አርሴማ እንዳስረዱት፣ ሟቹ ለልጆች በጻፉት ተውኔት ላይ ያለው የደራሲነት መብት ጳጉሜን 5 ያበቃል። ስለዚህ መምህርቷ በልጅነታቸው ሲጫወቱበት ከቀራቸው ቅጂ አባዝተው፣ ልጆቹ መስከረም 1 እንዲያሳዩት እያለማመዱ ነው። በአማርኛ ሲያናግሯቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱት ልጆች ዘንድሮ በአማርኛ መጨቃጨቅ ጀምረዋል። የሚጨቃጨቁትም ጅቡን ማን ይሁን በሚል ነው።

አቶ አያሌው መብቱ ይራዘም አሉ። ከአምስት ዓመት ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አሥራ አምስት መራዘሙ፣ ሁለቱም ጊዜ የተራዘመው ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ተወስቷል። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ መብቱ ያልተጠበቀለት ደራሲ ለመጻፍ አይበረታታም ብለዋል። አቶ ሙሳ በስልክ፣ «ጋሼ አያሌው፣ አማትዎን እኮ አብረን ነው የቀበርናቸው። የሚበረታታው ማን ነው?» ብለዋል። ሰብሳቢው ጥያቄው ለሐዘንተኛ ቤተሰብ አይገባም በማለት አልፈውታል።

ወ/ሮ ማዘንጊያ ተውኔቱ መጨረሻ የታየው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። አቶ አያሌው እሳቸው አይተውት እንደማያውቁ፣ ዋናው ቅጂ ግን ግሮቭ ሲቲ ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ መጥረጊያው ሥር በክብር መቀመጡን ገልጸዋል።

ወ/ሪት አርሴማ የደንባችን አንቀጽ 9 «ለተወሰነ ጊዜ» እንደሚል አሳሰቡ። ሊያበቃ ሲል ሁሌ የሚራዘም ጊዜ ምኑ ነው የተወሰነው ብለዋል። ሰብሳቢው የዚህ አገር ሕገ መንግሥትም እንዲሁ እንደሚል፣ ኮንግረሱ ግን ደጋግሞ እንዳራዘመ፣ ፍርድ ቤቱም እንደተቀበለው ጠቅሰው፣ «ትልቁ አገር ያደረገውን እኛ ብናደርግ ምን አለበት?» ብለዋል።

አቶ አያሌው እንግዲያው እስከ ዳግም ምጽአት ይራዘም አሉ። ዳግም ምጽአት የተቆረጠ ቀን አለው፤ እኛ ቀኑን አለማወቃችን ጊዜውን ያልተወሰነ አያደርገውም ብለዋል። አቶ ሙሳ ቂያማ በእስልምናም የማይቀር መሆኑን ተናገሩ። ሰብሳቢው ይህን እንደ ድጋፍ ድምፅ ቆጥረውታል። አቶ ሙሳ ድምፅ አልሰጠሁም ቢሉም መስመሩ ጥራት እንደሚጎድለው ተመዝግቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍና በወ/ሮ ማዘንጊያ ተቃውሞ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ ውሳኔው ወደ ኋላ ስለመሥራቱ

ልጆቹ ቅጂውን ቀድመው ስለያዙ፣ ውሳኔው ወደ ኋላ ተመልሶ በማንኛውም ሰው በተጻፈ በማንኛውም ጽሑፍ ላይ እንዲጸና፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተገለበጠ ሁሉ ከአገልግሎት እንዲታገድ አቶ አያሌው አመለከቱ። በዚያው ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ 3፦ ማሻሻያውን በደንቡ ላይ ማስፈር

ፀሐፊዋ አንቀጽ 9ን ጮክ ብላ እንድታነብ ታዘዘች። ሲነበብ፣ «የዴይተን ወንዝ ዳር መረዳጃ ማኅበር አባላት የደራሲነት መብት ለተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል» ይላል።

አቶ ሙሳ ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው ሃሎ ብለዋል።

ሰብሳቢው ከዴይተን ከተማ ሲዛወሩ የዚያን ማኅበር ደንብ ገልብጠው እንደመጡ፣ ሽፋኑን በእጃቸው እንደቀየሩ፣ ውስጡን ግን ሰው ያነበዋል ብለው እንዳልጠበቁ አስረዱ። ወ/ሪት አርሴማ፣ «ጋሼ ባስልዮስ፣ አስፈቅደው ነበር?» ብለው ጠየቁ። ያረቀቁት ሰው እንዳረፉ፣ ወራሻቸውም የት እንዳሉ እንደማይታወቅ ተገለጸ። ወ/ሮ ማዘንጊያ እንዳብራሩት፣ በአጀንዳ 2 መሠረት ማኅበሩ እስከ ዳግም ምጽአት ደንብ የለውም፤ ደንብ ከሌለ ደግሞ ሰብሳቢም ምክትል ሰብሳቢም የሉም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በምክትል ሰብሳቢው በአቶ አያሌው አቅራቢነት፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከዚህ ውሳኔ በቀር እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አቶ አያሌው ወዲያው የተውኔቱን ብቻ እንደገና እንወስን አሉ። አቶ ሙሳ ግን፣ «ዌርሃውስ ደርሻለሁ፣ ሊያራግፉልኝ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ። ምልዓተ ጉባኤው ስለጎደለ፣ ከአዲሱ ዓመት በፊትም ለሁሉም የሚመች ቀን ስላልተገኘ፣ ጉባኤተኛው መብቱ ሳይራዘም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል።

አቶ አያሌው መስከረም 1 የሚመጡት ለመቃወም ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ከፊት ረድፍ ወንበር እንዲያዝላቸውም አሳስበዋል።