ለዶክተሯ የሚሰጥ ምክርና የመጨረሻዋ ቁራሽ ኬክ

የብሩንስዴል ከተማ የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የየካቲት ወር ሁለተኛው እሑድ
ቦታ፦ ሳስካቸዋን፣ ብሩንስዴል፣ የሕዝብ አዳራሹ ምድር ቤት (ማሞቂያው በሰብሳቢዋ ወንበር በኩል ብቻ ይሠራል)
ሰዓት፦ ለቀኑ ሰባት ሰዓት ተጠርቶ ሁሉም ከሃያ ደቂቃ በፊት ተገኝተዋል። ቀድሞ መጀመር ግን ነውር ስለሆነ ሰባት እስኪሞላ ድረስ ስለ አየሩ ተወያይተዋል።

የተገኙ፦
1. ወ/ሮ አርዲስ ቶለፍሰን፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ መውጣታቸውን ግን ገና አልሰሙም።
2. አቶ ኦረስት ዱዳር፣ አባል። አርባ ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና የነዱ።
3. ወ/ሮ ሚርና ሃውጌ፣ አባል። የወጥ ቤቱ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው።
4. ሶልቬግ ሊንድ፣ አባል፣ የሰባት ወር እርጉዝ።
5. ቱቫ ሊንድ፣ ጸሐፊ፣ የሶልቬግ ታናሽ እህት። ዕድሜ አሥራ ስድስት፤ ሳትጠየቅ የተሾመች።

ያልተገኙ፦ ነባሯ ጸሐፊ ወ/ሮ ኢርማ። በረዶ ላይ ወድቀው እጃቸው ስለተሰበረ፣ ሐኪም ወዳለበት ከተማ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል።

ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። አቶ ኦረስት «ሶልቬግን እንደ ሁለት ቁጠሯትና ስድስት እንሁን» ቢሉም ሐሳባቸው ደጋፊ አላገኘም።

ሰብሳቢዋ የስብሰባውን ምክንያት አስረድተዋል። የከተማዋ ክሊኒክ ሐኪም ካጣ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ነገ ሰኞ ይችን አገር ረግጠው የማያውቁት ዶ/ር ቲሊኒ ዊጄሴካራ ከስሪ ላንካ ይመጣሉ። ሦስት ቀን ያዩናል፤ ከወደዱን ይፈርማሉ። ካልወደዱን ሶልቬግ ሚያዝያ ላይ የምትወልደው መኪና ውስጥ ነው። ሶልቬግ ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ባይደጋገም ደስ እንደሚላት ገልጻለች።

ከዚህ በፊት የመጡት ሐኪም በአሥራ አንደኛው ቀን መሄዳቸውም ተወስቷል። ሐኪሙ የከተማዋን ሰዎች ቤታቸው እራት ጋብዘው ነበር፤ እንግዶቹ «እንግዲህ እንሂድ» ብለው ተነሡ። ከዚያም በር ላይ ቆመው አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ። ሐኪሙ ይህን ባለማወቃቸው በሩን ከፍተው ይዘው ጠበቁ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር፤ የቤቱ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ስለዚህ ለአዲሷ ሐኪም የምክር ወረቀት ያስፈልጋል ተብሏል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ግብዣ

ሰብሳቢዋ የወረቀቱን ረቂቅ ባለፈው ሳምንት ለዶክተሯ መላካቸውን ተናግረው አንብበዋል፦ «ምግብ ሲቀርብልዎ ሦስት ጊዜ እምቢ ይበሉ፤ በአራተኛው ይቀበሉ።»

አቶ ኦረስት ሦስት እንደሚበዛ ተቃውመዋል። «በዚህ ልማድ ስንት ድንች የተጠቀለለበት ትኩስ ፔሮጊ ቀዝቅዞብኛል!»

ወ/ሮ ሚርና «አንተ ደግሞ መቼ እምቢ ብለህ ታውቅና ነው? ስትወለድም ሳህን ይዘህ ነው አሉ» ሲሉ ማስተካከያ ሰጥተዋል።

ሶልቬግ «ከራበዎት ይብሉ ብለን ብንጽፍስ?» የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሰብሳቢዋ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እርግዝናው ነው» ብለው አልፈውታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ እምቢታው ወደ ሁለት ዝቅ እንዲል፣ ሦስተኛው እምቢታ የምር ተቆጥሮ ሳህኑ እንዲነሣ፣ ውሳኔው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መጨረሻዋ ቁራሽ

የመጨረሻዋን ቁራሽ ማንም እንደማያነሣ በወረቀቱ እንዲሰፍር ያለ ተቃውሞ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ከወ/ሮ ሚርና የቤሪ ኬክ አንድ ቁራሽ ጠረጴዛው ላይ ቀርታ ነበር። አቶ ኦረስት ድምፅ የሰጡት ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሡ ነው።

አጀንዳ 3፦ ስለ መንገድ ሰላምታ

ከፊት ለፊት ለሚመጣ መኪና ሁሉ፣ እጅን ከመሪው ሳያነሡ አንድ ጣት ቀና እንዲደረግ ተወሰነ። የመሃሉ ስድብ ስለሆነ የትኛው ጣት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ የሚለው የሶልቬግ ማሻሻያ ሰብሳቢዋ ፊታቸው ከቀላ በኋላ ጸድቋል።

አጀንዳ 4፦ ስለ ስንብት

የበር ላይ ስንብት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ በሩም ዝግ እንዲሆን ተወሰነ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እዚህ ከተማ በር የሚያንኳኳ ስለሌለ ሁሉም ደነገጠ።

የገቡት ዶ/ር ቲሊኒ ነበሩ። የበረዶ ውሽንፍር ይመጣል ስለተባለ በአንድ ቀን ቀድመው መድረሳቸውን፣ ክሊኒኩ ተዘግቶ መብራት ያዩት እዚህ ብቻ መሆኑን አስረዱ። የለበሱት ስስ ካፖርት በኮሚቴው ዘንድ ሐዘን ፈጥሯል።

ወ/ሮ ሚርና ፔሮጊ የሞላ ሳህን አቀረቡ። እንግዳዋ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አሉ። ደግመው አቀረቡ፤ «ኧረ አልራበኝም።» ለሦስተኛ ጊዜ አቀረቡ፤ «ኧረ በፍጹም!» በአጀንዳ 1 መሠረት ሳህኑ ተነሣ።

ጸሐፊዋ እንግዳዋ ጋ የደረሰው ረቂቅ ሦስት እንደሚል ለማሳሰብ እጇን አወጣች። ሰብሳቢዋ «ጸሐፊ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም» ብለው አስወርደዋታል። ተጽፏል።

ኮሚቴው እየበላ ሳለ ከእንግዳዋ ሆድ ድምፅ ተሰማ። በቃለ ጉባኤ ይያዝ ያለ የለም፤ ተይዟል። ዶክተሯ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አዩና በትሕትና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ይቅርታ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እዚህ ላይ በአራተኛው ይቀበሉ ይላል። አራተኛው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሰብሳቢዋ ራሳቸው ሳህኑን ይዘው ወደ እንግዳዋ ሮጡ። ዶክተሯ አሥራ አራት ፔሮጊ በሉ። ቀጥለውም፣ ይህን መጻፍ ይከብዳል፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ኬክ ሙሉዋን አንሥተው በሉ።

አቶ ኦረስት «አርባ ዓመት!» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ይቺን ቁራሽ ስመኝ! ለካ መብላት ይቻላል?»

ወ/ሮ ሚርና «አፍህን ዝጋ፣ ሌላ ኬክ አለ» ብለው፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ቁልፉ ከዚያ አንገት ሲወርድ ጸሐፊዋ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ዶክተሯ እያኘኩ ወደ ሶልቬግ ዞሩ። «ስንተኛ ወርሽ ነው?»
«ሰባተኛ።»
«ሐኪምሽስ የት ነው?»
«መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።»
«አሁን በመጣሁበት መንገድ?»
«በሱው።»
ዶክተሯ ማኘክ አቆሙ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2፣ 3 እና 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ወረቀቱ «ከራበዎት ይብሉ» የሚል አንድ መስመር ብቻ እንዲኖረው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሐሳቡ የሰብሳቢዋ እንደሆነ ተደርጎ እንዲመዘገብ ታዝዟል፤ ተመዝግቧል።

ስብሰባው በስምንት ሰዓት ከአርባ ተዘጋ። ሁሉም «እንግዲህ» እያሉ ካፖርታቸውን ለበሱ። በዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ሁሉም በሩ ጋ ነበሩ፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት ዶ/ር ቲሊኒ ነበሩ፤ እናታቸው እንግዳ ሲሸኙ የግቢው በር ላይ ሌላ እንግዳ እስኪደርስ ድረስ እንደሚቆሙ ይተርኩ ነበር። በመጨረሻ እጀታውን እንደያዙ ወደ አቶ ኦረስት ዞሩ።

«በረዶው ሚያዝያ ላይ ይቀልጣል?»
«ኧረ የት አባቱ!»
ዶክተሯ መጀመሪያ የሶልቬግን ሆድ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ስስ ጫማ አዩ። «እንግዲያው ነገ ቦት ጫማ የሚሸጥበትን አሳዩኝ» አሉ።

ጸሐፊ፦ ቱቫ ሊንድ