ቅዳሜ የማያልቅባቸው ልብስ ሰፊ

በዚህች ምድር ላይ ቅዳሜ የማያልቅበት ፍጡር ቢኖር ልብስ ሰፊ ነው። የኛ ሰፈሩ ሊቀ መርፌ ደግሞ የሁሉም አለቃ ናቸው። "ቅዳሜ በጠዋት ናልኝ፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው!" ይላሉ። ጨርቁ ግን መቀስ የሚባል ነገር አላየም፤ እንዳመጣኸው ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ተኝቷል። አንድ ጎረቤታችን ለሠርጉ ያስለካውን ኮት የለበሰው የበኩር ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ነው። ሊጣላ መጥቶ፣ ኮቱ ልክክ ሲልበት ጊዜ መርቋቸው ሄደ።

እኔ የምሠራው አነስተኛ ንግዶችን በሚያሳድግ መሥሪያ ቤት ነው። ሱቅ ከፍቼ አላውቅም፤ ምክር ግን በሽ ነው። እናም ሊቀ መርፌን ላሳድጋቸው ተነሣሁ።

"ጋሼ፣ ደንበኛ የሚሸሽዎት ሥርዓት ስለሌለ ነው" አልኳቸው። የተራ ቁጥር አዘጋጀሁላቸው። "ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል" የሚል ጽሑፍ በትልልቁ አሳትሜ ከማሽኑ በላይ ለጠፍኩ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡና፣ "እናንተ የተማራችሁት ካላችሁማ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ የምትባል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። እኔም በየስብሰባው ስማቸውን እየጠራሁ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሳምንት የራሴን ሱሪ ልወስድ ሄድኩ። ገና ማሽኑ ላይ ስለነበር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ አንዲት ወጣት ጃኬት ታቅፋ እያለከለከች ገባች።

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ። ዓመት ሙሉ ስለምናቸው ቆይቼ ገና ዛሬ ነው የደወሉልኝ። ያለኝ ይሄ የእህቴ ጃኬት ነው፤ እጅጌው ጣቴን ሳይቀር ይውጠዋል።"

ሽማግሌው ግድግዳውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ።

"ከፊትሽ አሥራ አንድ ሰው አለ፣ ልጄ። የአሁኑ ተራ የሱ ነው።"

ያ ሁሉ ቅዳሜ የት ይሄድ እንደነበር ያኔ ገባኝ። መጠበቅ የማይችለውን እያስቀደሙ፣ መጠበቅ የምንችለውን በቁልፍ ሲሸነግሉን ኖረዋል። "የኔ ይቆይ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የገዛ ሕጌን በሰው ፊት ማፍረስ አሳፈረኝና ስልኬን የማይ መሰልኩ። አሁንም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ልጅቷ "እሺ ጋሼ" ብላ ወጣች።

ሊቀ መርፌ ሱሪዬን ከማሽኑ መንጭቀው አወጡ።

"ነይ ልጄ፣ ተመለሺ! ሰውዬው የኔ ይቆይ ብሏል!"

ተመልሳ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ውለታህን አልረሳም" አለችኝ። ስድብ እንኳ እንደዚያ አቃጥሎኝ አያውቅም። እሳቸው ቀና ብለው አላዩኝም፤ ክር እያስገቡ ነበር።

"ጋሼ፣ ምን ላግዝዎት?" አልኩ በቀስታ።

"ያንን እጅጌ ተርትርልኝ።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንግዶችን ሳግዝ፣ ምን ላግዝ ብዬ የጠየቅኩት ገና ያን ቀን ነው።