ተመላሽ ዕቃ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ሊፍት የሌለው አፓርትመንት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቢጫ የፕላስቲክ ጀልባ ተቀርቅሯል። ከላይ የያዘው ይገዙ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳ፣ አሜሪካ ከገባ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው። ከታች የአክስቱ ልጅ በፈቃዱ ነው፤ ካቻምና በዲቪ መጥቶ ፓርኪንግ የሚሠራ። አብረው ነው የሚኖሩት። ሁለቱም በላብ ተጠምቀዋል።)

ይገዙ፦ ፊቱን ወደ እኔ አዙረው አልኩህ!

በፈቃዱ፦ ዞሯል እኮ ጋሼ። አንተን እያየ ነው።

ይገዙ፦ ይሄ ቂጡ ነው!

በፈቃዱ፦ ሁለቱም ጫፉ ሹል ነው። በምን ለየኸው?

ይገዙ፦ ሰው ሲቀመጥበት ወደሚያይበት ነው ፊቱ።

በፈቃዱ፦ እሺ፣ እስቲ ልቀመጥና ልየው።

ይገዙ፦ እንዳትቀመጥ! እንዳትነካው! ላስቲኩ ከተቀደደ አይቀበሉኝም!

በፈቃዱ፦ ሳልነካው እንዴት ልሸከመው?

ይገዙ፦ በሹራብህ ያዘው! ቀስ… ቀስ… ግድግዳውን አታስነካው።

በፈቃዱ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?

ይገዙ፦ ዋና ምን ያደርግልኛል?

በፈቃዱ፦ ታዲያ ጀልባ ለምን ገዛህ?

ይገዙ፦ ጀልባ አልገዛሁም። የገዛሁት ፖይንት ነው። ጀልባው ተከትሎ የመጣ ነው።

በፈቃዱ፦ ፖይንቱን ለብቻው አይሸጡትም?

ይገዙ፦ (ትንፋሹን ሰብስቦ) ስማኝ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። በክሬዲት ካርዱ ዕቃ ስትገዛ ፖይንት ይሰጡሃል። ፖይንቱ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬት ይሰጡሃል። በነጻ! በጥር እህቴ ትህትና ስትዳር በነጻ በርሬ ከች ነው። በዚህ ወር ደግሞ የውሃ ስፖርት ዕቃ ድርብ ፖይንት አለው። የጎደለኝን የሞላችው ይቺ ጀልባ ናት።

በፈቃዱ፦ ጀልባዋ ከትኬቱ ትረክሳለች?

ይገዙ፦ (በንቀት) ትወደዳለች እንጂ!

በፈቃዱ፦ ታዲያ ትኬቱን ብትገዛውስ?

ይገዙ፦ ከገዛሁትማ በምን ነጻ ይሆናል?

በፈቃዱ፦ (ትንሽ አስቦ) እውነትህን ነው።

ይገዙ፦ ሰው አሜሪካ ኖሮ ትኬት በገንዘቡ ከገዛ ምኑን አሜሪካ መጣ? ሰርጉ ላይ “ትኬት ስንት ገባ?” ሲሉኝ፣ “ምን መግዛት አለ!” ነው የምላቸው። ወደ ቀኝ በለው።

በፈቃዱ፦ ያንተን ቀኝ ነው የጀልባውን?

ይገዙ፦ የኔን!

በፈቃዱ፦ ሶፋውንም ለፖይንት ነው የገዛኸው?

ይገዙ፦ ሶፋው፣ ፍራሹ፣ ፍላት ስክሪኑ፣ መሮጫ ማሽኑ… ሁሉም!

በፈቃዱ፦ እኔ እኮ ክረምቱን ሙሉ ሶፋ ተደግፌ መሬት ተቀመጥኩ፤ ፍራሽ አጠገብ መሬት ተኛሁ። ቴሌቪዥኑንማ ካርቶኑን ነው ያየነው።

ይገዙ፦ ካርቶኑ ላይ ሥዕል የለም? ምን ጎደለህ? አሁን እሱን ተወውና፣ ከአሌክሳንድሪያ ስደውልልህ ምን ነበር ያልኩህ?

በፈቃዱ፦ “ዕቃው በሙሉ ተመላሽ ነው፤ ጠቅልለህ ጠብቀኝ።”

ይገዙ፦ ጠቀለልክ?

በፈቃዱ፦ ጠቀለልኩ።

ይገዙ፦ ጎበዝ! ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት ተሰልፌ፣ ጓደኛዬ ቤት እያደርኩ ስለፋ፣ አንድ ነገር እንኳ በትክክል ሠርተህ ጠበቅከኝ።

(ጀልባው በመከራ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። ይገዙ በሩን ከፍቶ ይገባል። ወዲያው ይወጣል። የበሩን ቁጥር ያያል። እንደገና ይገባል።)

ይገዙ፦ በፈቃዱ፣ የሰው ቤት ገባን።

በፈቃዱ፦ የከፈተው እኮ ያንተ ቁልፍ ነው።

ይገዙ፦ ሶፋው የታለ? ፍራሹስ? ሌባ! ሌባ ገብቷል! ፖሊስ ጥራ!

በፈቃዱ፦ ኧረ ሌባ አልገባም። እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ይገዙ፦ (እፎይ ብሎ) አንተው ወስደህ መለስክልኝ? ከማን መኪና አገኘህ?

በፈቃዱ፦ በመኪና ብቻ አይዘለቅም። መርከብም አለበት።

ይገዙ፦ የምን መርከብ? ሱቁ ያለው እዚሁ ከቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ማዶ ነው!

በፈቃዱ፦ እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከዚያ በከባድ መኪና።

(ይገዙ ባዶውን ክፍል ዞሮ ያያል።)

ይገዙ፦ ሱቁ… ጅቡቲ ቅርንጫፍ አለው?

በፈቃዱ፦ ጋሼ፣ “ተመላሽ” አልከኝ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ታደለችም ተመላሽ ናቸው። ጠቅልለው ሀገራቸው ሊገቡ ነው። ኮንቴይነር ተከራይተው ግማሹን የሚሞላ ዕቃ አጡ። የኛም ዕቃ ተመላሽ ነው ስላቸው፣ “ይገዙም ጠቅልሎ ሊገባ ነው? እሰይ!” ብለው ደረጃው ላይ እልልታውን አቀለጡት።

ይገዙ፦ ለሱቁ ነው ተመላሽ! ዕቃው ለሱቁ ይመለሳል፣ ገንዘቡ ለካርዱ ይመለሳል፣ ፖይንቱ ለኔ ይቀራል! እኔ መቼ ሀገሬ ልገባ ነው አልኩ?

በፈቃዱ፦ “በጥር እሄዳለሁ” አላልክም?

ይገዙ፦ ለሰርግ! ሄጄ ልመለስ!

በፈቃዱ፦ ይኸው፣ አሁንም “ልመለስ” ትላለህ። ሰው እንዴት ብሎ ይረዳህ? ዕድሩም ሰምቶ ለመሸኛህ እያዋጣ ነው።

ይገዙ፦ ኧረ ጉዴ ፈላ! (ቆም ብሎ) በካሽ ነው የሚሰጡኝ ወይስ በጊፍት ካርድ?

በፈቃዱ፦ አልጠየቅኋቸውም።

ይገዙ፦ መርከቡን አስቁመው! ደውል!

በፈቃዱ፦ ከባልቲሞር ወጥቷል። እጄን አውለብልቤ ነው የሸኘሁት።

ይገዙ፦ ቆይ፣ ቆይ። የመርከቡን ማን ከፈለ?

በፈቃዱ፦ አንተ።

ይገዙ፦ እኔ?

በፈቃዱ፦ በስሜ አውጥተህ የሰጠኸኝ ካርድ አለ አይደል? “ውሃም ስትገዛ በዚህ ግዛ፤ ፖይንቱ ለኔ ነው የሚገባው” ብለህ።

ይገዙ፦ ውሃ ነዋ ያልኩህ!

በፈቃዱ፦ ባሕርም ውሃ ነው ብዬ ነዋ።

(ይገዙ ጀልባው ውስጥ በጀርባው ይዘረጋል።)

በፈቃዱ፦ ጋሼ፣ ላስቲኩ!

ይገዙ፦ ይቀደድ! እኔም ልቀደድ!

(ስልክ ይጮኻል። በፈቃዱ ከይገዙ ኪስ አውጥቶ ጆሮው ላይ ያደርግለታል።)

ይገዙ፦ ሄሎ… ትህትናዬ… ምነው፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?… ማን ነገረሽ?… (ቀስ በቀስ ፊቱ ይፈካል) አይ አንቺ፣ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል… አዎ፣ ለሰርግሽ ነው። ለማን ብዬ ነው ታዲያ የምለፋው?… ሶፋውማ ቆዳ ነው… አማቾችሽም ሰሙ? ምን አሉ?… ይበሉ፣ ገና ምን አዩ!… (ድንገት ቀና ይላል) እንዴት? ማነው “ምረጪ” ያለሽ?… “ይገዙ ለሱቁ ሊመልሳቸው ነውና ሳይቀድመን ቶሎ ምረጪ” አለሽ?… መቼ ነው የደወለልሽ? (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ በፈቃዱ ይዞራል።)

በፈቃዱ፦ ሰላም በልልኝ።

ይገዙ፦ መልሼ እደውልልሻለሁ። (ይዘጋል።) አንተ! ተመላሽ ማለት ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር!

በፈቃዱ፦ እንዴት አላውቅም ጋሼ። ከመጣሁ ጀምሮ “ደረሰኝ እንዳትጥል” ስትለኝ አይደል የኖርከው?

ይገዙ፦ እና ምን በድዬህ ነው? ጠላትህ ነኝ?

በፈቃዱ፦ ለፖይንትህ ብዬ ነው።

ይገዙ፦ ለፖይንቴ?

በፈቃዱ፦ ካርዱ ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ፓርኪንጉ ሲቀዘቅዝብኝ ደወልኩላቸው። ሰው ብዙም አይደውልላቸውም መሰለኝ፣ ደስ ብሏቸው አወሩኝ። “ዕቃ ከመለሳችሁ ፖይንቱን እናነሳለን” አሉ። ሶፋውን ስትመልስ የሶፋውን ያነሳሉ፤ ፍራሹን ስትመልስ የፍራሹን። ሁሉንም ብትመልስ ባዶ እጅህን ነበር የምትቀረው።

ይገዙ፦ (ድምፁ ሰልሎ) ፖይንቱን… ያነሱታል?

በፈቃዱ፦ ጥርግ አድርገው። እና ዕቃው አንተ ለሱቁ ልትመልሰው የማትችልበት ቦታ መሄድ ነበረበት።

ይገዙ፦ ለምን አትነግረኝም ታዲያ?

በፈቃዱ፦ ልነግርህ ስጀምር “አሥራ ሦስት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ አንተ?” ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። ትህትና ግን ሰማችኝ። መሮጫ ማሽኑን አልፈለገችም ነበር፤ አማቷ ናቸው ይምጣ ያሉት።

ይገዙ፦ (ከጀልባው እየወጣ) ስለዚህ ፖይንቱ አለ?

በፈቃዱ፦ የመርከቡም ተጨምሮ ተርፏል። ትኬቱ ነጻ ነው።

ይገዙ፦ (አቅፎ ይስመዋል) የኔ አንበሳ! እኔ እኮ ጅል እያልኩ… ጀልባውን ነገ በጠዋት እንመልሳታለን።

በፈቃዱ፦ ድርብ ፖይንቷን ይዛብህ ትሄዳለቻ። በዚያ ላይ ተኝተህባታል። ትቀመጥ፤ ደግነቱ አሁን ቤቱ ሰፊ ነው።

ይገዙ፦ ትቀመጥ። ምን ቸገረኝ፣ ነጻ ትኬት ይዤ! (ይስቃል፤ ሳቁ በመሃል ይቋረጣል።) ቆይ… የሁሉም ዋጋ ግን ካርዱ ላይ ነው ያለው።

በፈቃዱ፦ ከነወለዱ።

ይገዙ፦ ይሄን ሁሉ ለመክፈል እኮ…

በፈቃዱ፦ በየቀኑ መንዳት ነው። እሑድንም ጨምሮ።

ይገዙ፦ ገናንም?

በፈቃዱ፦ ገናንም ጥምቀትንም። ታክሲው ከቆመ ወለዱ ይሮጣል።

ይገዙ፦ (ቀስ ብሎ) ጥርን በሙሉ እዚህ ስነዳ ከከረምኩ… በትኬቱ ማን ሊሳፈር ነው?

(በፈቃዱ አንገቱን ደፍቶ ከጃኬቱ ኪስ ፓስፖርቱን ያወጣል።)

ይገዙ፦ በፈቃዱ!

በፈቃዱ፦ አይዞህ ጋሼ፣ ምንም አያመልጥህም። ሙሽራዋ ስትገባ ሚስኮል አደርግልሃለሁ። አንተ መልሰህ ደውል፤ በካርዱ ከሆነ ፖይንት አለው።